የህንድ ቅመም ወደ እንግሊዝ ሱፐርማርኬት እንዴት ገባ?

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ በካምፓችን ለሚገኘው የሴቶች የቅመማ ቅመም ማዘጋጃ ቡድን አባላትና ለሌሎች ነዋሪዎች በማኅበረሰቡ አዳራሽ የተሰጠ ንግግር ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። — አዘጋጁ)



የቡድኑ ሊቀ መንበር ስለ ንግድ እንድናገር ሲጋብዙኝ አንድ ጥያቄ ጨምረው ነበር። ይኸውም «በርበሬያችንንና ሽሯችንን የሚገዛን የራሳችን ሰው ብቻ ነው፤ የራሳችን ሰው ደግሞ ገንዘብ የለውም። ለሌላው ሕዝብ እንዴት ብለን እንሽጥ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከእኛ በፊት ተጠይቆ መልስ አግኝቷል። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ህንድ ቅመምና ስለ እንግሊዝ አገር ሱፐርማርኬት ነው። ታሪኩ በኬንያና በኡጋንዳ በኩል ስለሚያልፍ ከደጃችን ብዙም የራቀ አይደለም።

እንግሊዞች ከህንድ ጋር ይነግዱ፣ ኋላም አገሪቱን ይገዙ ስለነበር ቅመሙን ያወቁት ከጥንት ነው። በ1747 የታተመው የሃና ግላስ የምግብ አሠራር መጽሐፍ የካሪ አሠራር ነበረበት። በ1784 ደግሞ ለንደን ውስጥ የሚሸጥ የካሪ ዱቄት በጋዜጣ ማስታወቂያ ይነገርለት ነበር። ነገር ግን ይህ «ካሪ» የሚባለው ቢጫ ዱቄት ምን እንደሆነ ልብ በሉ። አንዲት ህንዳዊት እናት ለዓሣው ሌላ፣ ለምስሩ ሌላ፣ ለሥጋው ሌላ ትቀምማለች፤ ከአውራጃ አውራጃም ይለያያል። ለእንግሊዙ ግን እርዱም፣ ድምብላሉም፣ ከሙኑም፣ አብሹም ባንድ ቆርቆሮ ገብቶ «ካሪ» ተባለ። በርበሬውን፣ ሚጥሚጣውንና መከለሻውን ደባልቆ «የሐበሻ ዱቄት» ብሎ እንደመሸጥ ማለት ነው። ያንን ዱቄት ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በብዛት ያሸገውና የሸጠው የእንግሊዝ ነጋዴ ነበር፤ ስሙም ትርፉም የእሱ ሆኖ ቆየ።

ይህን ከለወጡት ሰዎች አንዱ አቶ ላክሽሚሻንከር ፓታክ ይባላሉ። የተወለዱት በህንድ ጉጃራት ሲሆን በልጅነታቸው ወደ ኬንያ መጥተው እዚያ ኖሩ። በ1956 ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሻንታና ከልጆቻቸው ጋር እንግሊዝ አገር ገቡ። በኪሳቸው የነበረው 5 ፓውንድ ነበር ይባላል። ያገኙት ሥራ የፍሳሽ ቦይ ማጽዳት ነው። በዚያ ደመወዝ ቤተሰብ አልኖር ሲል ባልና ሚስቱ ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን በሚባለው ሰፈር በሚኖሩበት ቤት ማድ ቤት ውስጥ ሳምቡሳና ጣፋጭ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። አዎን፣ ያው እኛ የምናውቀው ሳምቡሳ ነው።

ገዢዎቹ እነማን ነበሩ? እንግሊዞች አልነበሩም። የእናታቸው ምግብ የናፈቃቸው ህንዳውያን ተማሪዎችና ሠራተኞች ነበሩ። እኔ በዚህ ላይ ጥቂት መቆም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ለራስ ወገን መሸጥን እንደ ትንሽ ነገር እናየዋለን። የራስ ወገን ግን ያለ ማስታወቂያ የሚገዛ፣ ሲበላሽ ፊት ለፊት የሚናገር፣ ጣዕሙ የቱ ጋ እንደጎደለ የሚያውቅ ገዢ ነው። ፓታኮች ሙያቸውን ያጠሩት በእሱ ምላስ ነው። ከዚያም ሱቅ ከፈቱ፣ ቅመምና አቻር ማዘጋጀት ጀመሩ። ጎረቤት ስለ ሽታውና ስለ ጫጫታው አቤት አለ፤ ሥራው እየሰፋ ሲሄድም ከለንደን ወጥተው በመጨረሻ ፋብሪካቸውን በሰሜን፣ ላንካሸር ተከሉ። የቤተሰቡ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ህ» የሚባል ድምፅ አለበት፤ እንግሊዙ ምላሱ እንዳይተሳሰር ብለው እቃው ላይ ያንን ፊደል አወጡት። ስማቸውን ጨርሰው አልለወጡም፤ አንድ ፊደል ብቻ ነው የቀነሱት።

ቀጥሎ 1972 መጣ። በነሐሴ ወር መጀመሪያ ኢዲ አሚን በኡጋንዳ የሚኖሩ እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ወደ 28 ሺህ የሚጠጉት እንግሊዝ አገር ገቡ። ብዙዎቹ በመጀመሪያ ያረፉት ለዚሁ በተዘጋጁ 16 ካምፖች ሲሆን፣ ካምፖቹም በአመዛኙ የቀድሞ የጦር ሰፈሮች ነበሩ። የሌስተር ከተማ ምክር ቤት ኡጋንዳ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ «ወደ እኛ ከተማ አትምጡ» የሚል ማስታወቂያ እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። ሰዎቹ ግን ሌስተርም ገቡ፣ ሌላም ከተማ ገቡ። ብዙዎቹ ነጋዴ ስለነበሩ በየመንገዱ ጥግ ያለውን ትንሽ ሱቅ እየገዙ ከጠዋት እስከ ማታ ከፍተው ተቀመጡ። ዳቦና ወተት ሊገዛ የመጣ እንግሊዛዊ ከዳቦው አጠገብ ከሙንና እርድ አየ። ሱፐርማርኬቱ በር ሳይከፍትላቸው የራሳቸው በር ነበራቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው በር ምግብ ቤት ነው። እንግሊዝ አገር «የህንድ ምግብ ቤት» ከሚባሉት ውስጥ እጅግ ብዙዎቹን ያቋቋሙት ከሲልሄት፣ ማለትም ከዛሬዋ ባንግላዴሽ የመጡ ሰዎች ናቸው። እንግሊዙ ምሽት ላይ ምግብ ቤት በላ፤ ወደደው፤ ቤቱ ሊሠራው ሲሞክር ግን አልሆንለት አለ። በ2001 የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላን የእንግሊዝ ብሔራዊ ምግብ ነው እስከ ማለት ደረሱ። እንግዲህ ሰውየው ምግቡን ይፈልጋል፣ አሠራሩን አያውቅም። ገበያው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የደረቀ ዱቄት ለማያውቅ ሰው አስቸጋሪ ነው። በዘይት መቁላት ያስፈልጋል፤ ጥቂት ቢዘገይ ያርራል፤ ቢቸኩል ጥሬ ጥሬ ይላል። በዚያ ላይ የተፈጨ ቅመም ተከፍቶ ሲቆይ መዓዛው ይጠፋል። ፓታኮች ያደረጉት ቅመሙን አዘጋጅተው ከዘይትና ከኮምጣጤ ጋር ለውሰው በብልቃጥ ማሸግ ነው። ዘይቱ አየር ይከለክላል፣ ኮምጣጤው ተሕዋስያን እንዳይራቡ ያደርጋል፣ ቁሌቱ አስቀድሞ አልቋል። ገዢው ሽንኩርትና ሥጋ ጨምሮ ማብሰል ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

እናቶቼ ፈገግ ስትሉ አየሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ይህ የድልህ ዘመድ ነው። እኛ ድልህን የምንሠራው ግን ለሚያውቀው ሰው ነው፤ እነሱ ለማያውቀው ሠሩት። አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ ያለ በቂ ኮምጣጤ ታሽጎ ቢቀመጥ ሽታውም ጣዕሙም ሳይለወጥ ገዳይ መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። ፋብሪካዎች የኮምጣጤውን መጠን በመሣሪያ ይለካሉ፤ በግምት አይሠሩም። እኛም መለኪያው ሳይኖረን ነጭ ሽንኩርት ያለበት ድልህ በብልቃጥ አሽገን መሸጥ የለብንም። ለጊዜው በደረቁ እንቆይ።

የምሬቱና የቃጠሎው ነገር ሌላ ክርክር ነው። ለእንግሊዝ መደርደሪያ የሚሄደው ብልቃጥ ላይ የቃጠሎው መጠን ተለይቶ ይጻፋል። ኮርማ የሚባለው ለስላሳ ነው፣ ሮጋን ጆሽ መካከለኛ፣ ማድራስና ቪንዳሉ የሚያቃጥሉት ናቸው። የፓታክ ልጅ የአቶ ኪሪት ባለቤት ወይዘሮ ሚና የምግብ ሙያ የተማሩ የቦምቤይ ሰው ሲሆኑ፣ የአዳዲሶቹን ቅመሞች አቀማመም የመሩት እሳቸው ናቸው። ብዙ ህንዳውያን በብልቃጡ ይስቃሉ፤ «ይህ የኛ ምግብ አይደለም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሱቁ ላይ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ይሸጣሉ። እኔ በበኩሌ የምቃወመው ማለስለሱን ሳይሆን፣ የለሰለሰውንና የቤቱን ባንድ ስም መሸጥን ነው። እንደዚያ ከሆነ የራሳችሁም ሰው ይሸሻችኋል፣ እንግዳውም ይቃጠላል። ሁለት ዓይነት አዘጋጁ፤ ሁለት ስም ስጡ።

ስለ ሱፐርማርኬቱ አሠራር ብዙ አልልም። እዚያ ለእያንዳንዱ የእቃ ዓይነት ምን መግባት እንዳለበት የሚወስን ገዢ ሠራተኛ አለ። እሱ የሚጠይቀው እቃው መጣፈጡን ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ ሳይቋረጥ ይመጣል ወይ? የዛሬው ከባለፈው ወር ጋር አንድ ነው ወይ? ካልተሸጠስ ማን ይመልሰዋል? ይላል። እቃውን ካስገባም «የውጭ አገር ምግብ» በሚባል ጥግ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ እዚያ የሚሄደው የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ትልቁ ትግል ከዚያ ጥግ ወጥቶ ሁሉም ሰው ከሚያልፍበት መደርደሪያ ላይ መቀመጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ የእምነት ጉዳይ ነው። በየካቲት 2005 እንግሊዝ አገር ሱዳን አንድ የሚባል፣ ለምግብ የተከለከለ ቀይ ቀለም በሚጥሚጣ ዱቄት ውስጥ ተገኘ። የተበከለው ዱቄት አንድ የታወቀ ስጎ ውስጥ ገብቶ ስለነበርና ስጎው በሌሎች ምግቦች ውስጥ ስለተጨመረ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ተለቀሙ። ቀለሙ የተጨመረው ዱቄቱ ቀላ ብሎ እንዲታይ ነው። የበርበሬ ንግድ የምታውቁ ይህ ዓይነቱ ነገር በየትኛውም ገበያ እንደሚሞከር ታውቃላችሁ።

ሌላም ልንገራችሁ። አቶ ዳራምፓል ጉላቲ እንደ እኛ ስደተኛ ነበሩ። በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ከሲያልኮት ተፈናቅለው፣ በስደተኛ ካምፕ አልፈው ዴልሂ ገቡ። በያዙት ገንዘብ ጋሪ ገዝተው በፈረስ ሰው ሲያመላልሱ ከቆዩ በኋላ የአባታቸውን የቅመም ሙያ ቀጠሉ፤ ኤም ዲ ኤች የሚባለውን ድርጅት ትልቅ አደረጉት። በ2020 እስከሞቱ ድረስ በየፓኬቱ ላይ የሚታየው ጥምጥም ያደረገ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ሰው ያመነው ያንን ፊት ነው። በሚያዝያ 2024 ግን ሆንግ ኮንግ የዚህን ድርጅት ሦስት ቅመሞችና የሌላ ህንዳዊ ድርጅት አንድ ቅመም ኤቲሊን ኦክሳይድ የሚባል ተባይ ማጥፊያ ኬሚካል ተገኘባቸው ብላ ከሽያጭ አገደች። ድርጅቱ እቃዬ ንጹሕ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ዜናው ግን በጥቂት ቀናት ዓለምን ዞረ።

ይህ እኛንም ይነካል። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ የሚገቡ እንደ ዝንጅብልና እርድ ያሉ ቅመሞች ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግባቸው ካዘዘባቸው ምርቶች ውስጥ አስገብቷቸው ነበር። ምክንያቱ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ነው። ሻጋታው የሚመጣው ወፍጮ ቤት ከመድረሱ በፊት፣ ቅመሙ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች ወይም መሬት ላይ ሲሰጣ ነው። መርዙ በመቁላት አይጠፋም። እንግዲህ ከመሬት ከፍ ያለ ማስጫ ቆጥ መሥራት ገንዘብ አይጠይቅም፤ እንጨትና ጆንያ አለን።

የፓታክን ነገር ሳልጨርስ አልለፍ። ድርጅቱ ካደገ በኋላ እህቶቹ ከአክሲዮኑ የሚገባን ድርሻ ተወስዶብናል ብለው ወንድማቸውን ፍርድ ቤት አቆሙ፤ በ2004 በስምምነት አለቀ። በ2007 ደግሞ ቤተሰቡ ድርጅቱን ለአሶሼትድ ብሪቲሽ ፉድስ ሸጠ። ስሙ አሁንም ብልቃጡ ላይ አለ፤ ባለቤቱ ግን ሌላ ነው። አንዳንዶች ይህን ሽንፈት ይሉታል። እኔ እንደዚያ አላየውም፤ የሠሩትን ሸጠው ዋጋ ተቀብለዋል። የእህትና የወንድም ክስ ግን ያሳዝነኛል፤ ማን ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ገና ከማድ ቤት ሳይወጡ በወረቀት ቢሰፍር ብዙ ነገር ይቀል ነበር። የእናንተ ቡድን 11 አባላት አሉት፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን የመዋጮው ገንዘብ ብቻ እንጂ የጉልበቱ ድርሻ አይደለም። ከሽያጩ በፊት ይጻፍ።

ለሐሙስ የማዛችሁ ሥራ ይህ ነው። ከሁለቱ ዓይነት አንዳንድ ፓኬት አዘጋጁ፤ አንዱ የቤታችን በርበሬ፣ ሌላው ለእንግዳ የለሰለሰው። ላዩ ላይ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ምን ያህል ማንኪያ፣ ከምን ጋር፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ በአጭሩ ጻፉ። ከኮንጎና ከደቡብ ሱዳን ጎረቤቶቻችን ሁለት እናቶች መጥተው በዚያ ወረቀት ብቻ እንዲያበስሉ ጠይቄያለሁ፤ እሺ ብለዋል። እነሱ ሲያበስሉ ከእኛ ወገን ማንም አንድ ቃል እንዳይናገር። ሲጨርሱ የበሉትን እንጠይቃቸዋለን፤ ያረረ ካለም ወረቀቱን እናርማለን። ምጣድና ከሰል ከቡድኑ ነው፤ ሽንኩርት የሚያመጣ ሰው ግን አሁን ስሙን ያስመዝግብ።