ሪኮርዱ ይሰበር ይሆን?

(አሜሪካ ለሚኖሩ የቤዝቦል ወዳጅ ኢትዮጵያውያን ከተደረገ ንግግር)



«አሮን ጃጅ የሆም ረኑን ሪኮርድ ይሰብራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ዳር ዳር ማለት አልወድም፤ እኔን ከጠየቃችሁ አይሰብርም። ለምን ብትሉ ሒሳቡ እምቢ ይላል። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ባሪ ቦንድስ ኳሷን በዱላ እየመታ 762 ጊዜ ከአጥር ማዶ ጥሏታል። የኒውዮርክ ያንኪሱ ጃጅ እስከ 2025 የውድድር ዘመን ማብቂያ የመታው 368 ነው። ቦንድስን ለማለፍ 395 ይቀረው ነበር ማለት ነው። ውሉ የሚያልቀው ደግሞ በ2031 ነው። ከ2026 ጀምሮ ስድስት ዓመት በተከታታይ 66 ገደማ መምታት ሊኖርበት ነው። በሕይወቱ ብዙ የመታበት ዓመት 2022 ሲሆን፣ ያኔም 62 ነው! እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ሰው ከ34 ዓመቱ በኋላ በየዓመቱ ከራሱ ምርጥ ዓመት ይበልጣል?

ጃጅ ጉልበት አላነሰውም፤ ያነሰው ጊዜ ነው። ወደ ትልቁ ሊግ የገባው በ24 ዓመቱ ነው። በስም የሚመሳሰለው ሃንክ አሮን ግን በ20 ዓመቱ ጀመረ። በአንድ ዓመት ከ47 በላይ መትቶ አያውቅም፤ ነገር ግን 23 ዓመት ሳይታክት ተጫውቶ 755 አደረሰ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይኸው ነው።

ለመሆኑ የሚሰበረው የማን ሪኮርድ ነው? ሃንክ አሮን በ1974 የነጩን የቤብ ሩዝን 714 ሲያልፍ፣ ጥቁር ስለሆነ ብቻ «እንገድልሃለን» የሚል ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር። ያንን ሁሉ ተሸክሞ መታ። ቦንድስ በ2007 ሃንክን ሲያልፍ ደግሞ ጉልበት ሰጪ መድኃኒት ተጠቅሟል የሚለው ጥርጣሬ ተከተለው። እሱ «አውቄ አልወሰድኩም» አለ፤ ፍትሕ አደናቅፈሃል የተባለበት ፍርድም በ2015 በይግባኝ ተሽሯል። ሆኖም ጋዜጠኞቹ እስከ 2022 ድረስ አሥር ጊዜ ድምፅ ሰጥተው፣ አሥሩንም ጊዜ የክብር አዳራሹን በር ዘጉበት።

መዝገቡ 762 ይላል፤ እኔም መዝገብ አልፍቅም። ግን ልጄ «ትልቁ ማነው?» ቢለኝ የምነግረው ስለ ሃንክ ነው። ይህን ቁጥር የሚያልፍ ካለም በ20 ዓመቱ ጀምሮ 20 ዓመት የሚዘልቅ ልጅ ይሆናል። ጃጅ ግን ስሙን ሳያጎድፍ 500 ካለፈ ለኔ በቂዬ ነው።