የእሾህ ምሽግ



የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በድንጋይና በኖራ ስለ ተገነባ እስከ ዛሬ ቆሞ ይጎበኛል፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መተማ ዮሐንስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ግንብ አይታይም። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲዋጉ የቆሰሉበት የደርቡሾች ምሽግ ዘሪባ፣ ማለትም የእሾህ አጥር ነበር፤ እሾህም ይነድዳል፣ ይበሰብሳል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመንገድ ቅየሳ ወደዚያ ቆላ ወርጄ ሜዳውን በንድፌ ላይ «ባዶ መሬት» ብዬ ጻፍሁት። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ንጉሥ የወደቀበት መሬት ባዶ ይባላልን?» አሉኝ። አፈርሁ።

የድንጋይ ግንብ ስለ ራሱ ይመሰክራል፤ ለእሾህ ምሽግ የሚመሰክሩለት የሽማግሌ ትዝታና የመሐንዲስ ንድፍ ናቸው። እንግዲህ ከመቆፈራችን በፊት ስፍራውን ለይተን እንከልለው፤ ዛፍ ተተክሎበት የሕዝብ መናፈሻ ይሁን።