እኩል ያልሆኑ ወገኖች በአንድ ገበታ ላይ

በገሱባ ለታሪክ መምህራን የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ፣ የጥንቱን የክርስትና ታሪክ ለተማሪዎች በገበታ ጨዋታ ለማስተማር ቢታሰብ ጨዋታው እንዴት ሊቀረጽ ይገባዋል በሚለው ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፣ ስለ ሃይማኖት ታሪክ ያለንን ግንዛቤ የሚፈትን ነው።

አባቶቻችን ያቆዩልን ገበጣና ሰንጠረዥ በእኩልነት ይጀምራሉ፤ በገበጣ የጠጠሩ ቁጥር፣ በሰንጠረዥም የሠራዊቱ ብዛት ለሁለቱም ወገን አንድ ነው። በሌላ አገር ግን ከዚህ የተለየ ልማድ አለ። ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1732 በላፕላንድ ያየው ታብሉት የተባለ ጨዋታ አንዱን ወገን በ16 አጥቂዎች፣ ሌላውን በአንድ ንጉሥና በ8 ጠባቂዎች ያሰልፋል፤ አንዱ ለመክበብ፣ ሌላው ለማምለጥ ይጫወታል። የአክሱም ታሪክ የሚስማማው ከዚህ ዓይነቱ ጋር ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የተገናኙት ወገኖች በኃይልም በዓላማም እኩል አልነበሩምና።

ሩፊኖስ እንደ ጻፈው፣ የጢሮስ ሰዎች የነበሩት ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ገና በልጅነታቸው በቀይ ባሕር ጠረፍ ተማርከው በቤተ መንግሥት አደጉ። ንጉሡ ከሞተ በኋላ ፍሬምናጦስ ንግሥቲቱን በአስተዳደር ረዳ፤ ክርስቲያን ነጋዴዎችንም እየፈለገ የጸሎት ስፍራ እንዲኖራቸው አደረገ። ኋላም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀበለ።

እንግዲህ በገበታው ዙሪያ አራት ወገኖች ይቀመጡ። ቤተ መንግሥቱ ዙፋኑንና የአዱሊስን መንገድ ከጠበቀ ይረታል። ነጋዴው ትርፉን ይሻል፤ እምነቱም በሄደበት አብሮት ይሄዳል። ፍሬምናጦስ ሠራዊትም ሀብትም የለውም፤ ያለው መታመን ብቻ ነው። የማሕረምና የአስታር ካህናት ግን ሲጀመር ከሁሉ የበለጠ ይዘዋል፤ መቅደሱም የሕዝቡም መሐላ በእጃቸው ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ተጫዋች አይሁን፤ ፍሬምናጦስ ተመልሶ ወደ እስክንድርያ ይላክና ይመርመር ሲል እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ለኢዛናና ለሳይዛና የጻፈው ደብዳቤ ግን በካርድ መልክ ይምጣና ቤተ መንግሥቱን ያስጨንቅ።

ኢዛና በገንዘቡ ላይ የነበረውን የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል ሲተካ ጨዋታው ሊያልቅ አይገባም። ገንዘቡ ተለወጠ ማለት ገጠሩ ተለወጠ ማለት አይደለም፤ ትውፊትም የተሰዓቱ ቅዱሳንን መምጣት ከመቶ ዓመት በላይ አዘግይቶ ያስቀምጠዋል።

ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሲሄድ ከገበታው ላይ ይነሣ፤ የቀሩትም ያለ እርሱ ይጫወቱ። የዚህን ደንብ እውነት የወላይታ ተማሪ በቀላሉ ይረዳዋል። የኦርቶዶክስ ክርስትና ቀድሞ በነበረበት በዚህ አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1928 የገቡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በ1937 በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲወጡ ያጠመቋቸው አማኞች 50 አይሞሉም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ቁጥሩ 10,000 ገደማ እንደ ደረሰ ይነገራል። ሥራውን ያስፋፉት የአገሩ ልጆች ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው የቀድሞው አምልኮ አቀማመጥ ነው። ካህናቱን ጠላት አድርገን ብንስል፣ አያቱ በጥንቱ ሥርዓት የኖሩለት ልጅ በገዛ ቤተሰቡ እንዲያፍር እናስተምረዋለን። ስለዚህ እነርሱም የራሳቸው የመርታት መንገድ ይኑራቸው፤ ይኸውም የያዙት ስም ወይም ልማድ በአዲሱ እምነት ውስጥ እንዲኖር ማድረግ ነው። ኢዛና በኋለኛው ዘመን ጽሑፉ አምላኩን የሰማይ ጌታ ብሎ ጠራ፤ የወላይታ ክርስቲያኖችም እግዚአብሔርን የሚጠሩት አባቶቻቸው በሚያውቁት በጦሳ ስም ነው። ይህን የሚወክለው ጠጠር የሚማረክ ሳይሆን ሁለቱም ወገን የሚጋሩት ይሁን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ለዚህ ሥራ ካርቶንና አንድ እፍኝ ባቄላ ይበቃል። ዋናው ድካም ደንቡን ለእያንዳንዱ ወገን በቅንነት መጻፍ ነው። ተማሪዎች በየጨዋታው ወገን እየለዋወጡ ይጫወቱ፤ መምህሩም በመጨረሻ ማን ረታ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ለእያንዳንዱ ምን ቀረለት ብሎ ይጠይቅ።