ሳሙናችን ለምን ቶሎ ያልቃል?



እኛ መምህራን ዛሬ የምናነሣው እናቶች ደጋግመው የጠየቁንን ጉዳይ ነው። «እዚህ ዶራሌ ሳሙናው ቢታሽ ቢታሽ አረፋ አይወጣውም፤ ወር ሳይሞላ ያልቃል። ጥፋቱ የማን ነው?» ይላሉ። ጥፋቱ የሳሙናውም የእናንተም አይደለም፤ የውኃው ነው።

እያንዳንዷ የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት። አንዱ ጫፍ ውኃ ይወዳል፤ ሌላው ውኃን ይሸሻል፣ ቅባትን ይይዛል። ስናሽ፣ ቅባት ያዡ ጫፍ እድፉን ይከበዋል፤ ውኃ ወዳዱ ወደ ውጭ ይዞራል። ስናለቀልቅ እድፉ እንደተከበበ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ጀርሞችም ከእጃችን የሚለቁት በዚሁ መንገድ ነው።

የጂቡቲ የጉድጓድ ውኃ ግን ጨዋማ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚባሉ ማዕድናትም አሉበት። እነዚህ ማዕድናት ሳሙናው እድፉ ዘንድ ሳይደርስ ይይዙታል። በሳፋው ላይ የሚንሳፈፈው ነጭ ዝቃጭ ይኸው ነው። እንደ ኦሞ ያለው የልብስ ዱቄት አሠራሩ ሌላ ስለሆነ በእንዲህ ያለ ውኃ የተሻለ ያጥባል።

የአጣቢ ነገር ዕውቀት ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት እንዶድ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በዚህ የተጀመረው ምርምር በ1989 እ.ኤ.አ. ለእርሳቸውና ለዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘ። ትልቁ ነገር ከልብስ ማጠቢያ ሥፍራ ተገኘ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልብሱን አስቀድመን በውኃ ብቻ አሽተን አቧራውንና ላቡን እናስለቅቅ። ሁለተኛ፣ ሳሙናውን በሳፋ ውኃ ውስጥ አናሟሟው፤ ያደፈው ቦታ ላይ ብቻ እንሸው። ሦስተኛ፣ ዱቄት ያገኘን ልብሱን በዱቄት አጥበን ደረቁን ሳሙና ለእጅ እናስቀምጥ። እጅ ሲታጠብም ጣትና ጥፍር ሳይቀር ሃያ እስክንቆጥር እንሽ፤ በተለይ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ምግብ ከመሥራትና ሕፃን ከማጉረስ በፊት።

ሳሙናው አንሶ ልብስና እጅ ቢሻሙበት፣ እጅ ይቅደም። ያደፈ ልብስ ቢያሳፍር ነው፤ ያደፈ እጅ ግን ለሕፃን ተቅማጥ ያቀብላል፣ ተቅማጥም ይገድላል።