ከኋላ ስለሚቆመው ሙዚቀኛ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሙዚቃ ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር)



 እንዲህ ባለው ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ኃላፊነት መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ሙዚቀኛ ነው። ሰውየው ኢትዮጵያዊ አይደለም፤ ኮልፌንም አላየም፤ ከሞተም ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ከእርሱ የተማርነው ነገር ወደ ራሳችን ጥፋት ስለ መለሰን ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

የሙዚቀኛው ስም ጂሚ ብላንተን ይባላል። የሚጫወተውም ደብል ቤዝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ክበባችን ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ይሰበሰባል። አንድ ቀን መምህራችን የዱክ ኤሊንግተንን ኦርኬስትራ የቆየ ሙዚቃ እንድንሰማና የቤዙ ተጫዋች ምን እንደሚሠራ እንድንነግራቸው አዘዙን። እኛም የእጅ ስልካችንን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን ከብበን ሰማን። ትራምፔቱ ተሰማ፤ ሳክስፎኑ ተሰማ፤ ከበሮውም ተሰማ። ቤዝ ግን አልሰማንም። ስለዚህ በሙሉ ልብ «መምህር፣ ይህ ሙዚቃ ቤዝ የለውም» ብለን መለስን። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «እስከ ሚመጣው ዓርብ ታገሡ» አሉን።

በሚቀጥለው ዓርብ አንድ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። ያው ሙዚቃ ሲከፈት የተቀመጥንበት ወንበር ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ባለፈው ሳምንት «የለም» ያልነው ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲጫወት ኖሯል። ምክንያቱንም በፊዚክስ ትምህርታችን አገኘነው። የደብል ቤዝ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መንቀሳቀስ ስላለበት የስልክ ትንሽ ማጉያ አይችለውም። ስለዚህ ጉድለቱ የእኛ መስሚያ ነበር እንጂ የሙዚቀኛው አልነበረም።

እዚህ ላይ መሣሪያውን ለማያውቁ ወላጆቻችን ጥቂት እናስረዳ። ደብል ቤዝ ከሰው ቁመት የሚተካከል የእንጨት መሣሪያ ሲሆን አራት ክሮች አሉት። ተጫዋቹ ቆሞ አቅፎት በጣቱ ይመታዋል ወይም እንደ ቫዮሊን በደጋን ይገዘግዘዋል። በጃዝ ጓድ ውስጥ የጊዜውን ምት ይጠብቃል፤ ለሌሎቹም ድምፆች መሠረት ይሆናል። በኮልፌ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በአጠና ተራ የሚሸጠውን ባሕር ዛፍ ሁላችን እናውቀዋለን። አጠናው ተተክሎ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ጭቃው ከተለሰነ በኋላ ግድግዳው ያምራል ይባላል እንጂ አጠናውን የሚያስታውሰው የለም። ቤቱን ያቆመው ግን እርሱ ነው።

አሁን ወደ ብላንተን እንመለስ። ብላንተን በአሜሪካ አገር በቴኔሲ ግዛት በቻታኑጋ ከተማ በ1911 ዓ.ም. ተወለደ። እናቱ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። እርሱም በልጅነቱ ቫዮሊን ተማረ፤ ኋላ ወደ ደብል ቤዝ ተዛወረ። በ1932 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዱክ ኤሊንግተን በሴንት ሉዊስ ከተማ ሲጫወት ሰምቶት ወዲያው ወደ ኦርኬስትራው ወሰደው። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ አንድ ዓመት ነበር። ኤሊንግተን ግን ሌላ የቤዝ ተጫዋች ነበረው። ነባሩን ሳያሰናብት ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ለጥቂት ወራት አጫወታቸው፤ ነባሩም በዚያው ዓመት በጥር ወር ለቅቆ ሄደ።

ስዊንግ የተባለው የጃዝ ዓይነት በዚያ ዘመን ለጭፈራ የሚሆን ሙዚቃ ስለ ነበረ፣ የቤዝ ተጫዋች ዋና ሥራ በየምቱ አንድ ድምፅ እየሰጠ ጨፋሪውን ማስኬድ ነበር። ብላንተን ይህን ሥራ አልናቀም። ምቱን እንደ ጠበቀ በላዩ ዜማ ጨመረበት። ክሩን ሲመታው ድምፁ ወዲያው አይሞትም፤ ይረዝማል፤ ይዘፍናል። ኤሊንግተንም ይህን አይቶ ለቤዝ ብቻውን የሚናገርበት ቦታ እየተወ ዜማ ይደርስለት ጀመር። «ጃክ ዘ ቤር» በተባለው ሥራ ሙዚቃውን ከፍቶ የሚዘጋው ቤዙ ነው። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሁለቱ ብቻቸውን፣ አንዱ በፒያኖ አንዱ በቤዝ፣ ሸክላ አስቀርጸዋል። ከዚያ ወዲያ የተነሡት የጃዝ ቤዝ ተጫዋቾች ሁሉ ብላንተን በከፈተው በር ገብተዋል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የማረከን ግን የአንድ ምሽት ታሪክ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጥቅምት 28 ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ቀን 1940፣ የኤሊንግተን ኦርኬስትራ በሰሜን ዳኮታ ግዛት ፋርጎ በምትባል ከተማ ለጭፈራ ምሽት ተጠርቶ ነበር። ፋርጎ እንደ ኒውዮርክ ያለች ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ አገሩም ብርድ የበዛበት ነው። ለኦርኬስትራው ይህ ምሽት ከብዙዎቹ የመንገድ ምሽቶች አንዱ ነበር። ነገር ግን ጃክ ታወርስና ዲክ በሪስ የተባሉ ሁለት ወጣት አድናቂዎች አስቀድመው ፈቃድ ጠይቀው ተንቀሳቃሽ የሸክላ መቅረጫና ማይክሮፎን ይዘው መጡ። ገንዘብ ለማግኘት አልነበረም፤ የሚወዱትን ሙዚቃ ለራሳቸው ለማስቀረት ነበር። ሸክላው ሲሞላ እየለወጡ፣ አንዳንዱም ዜማ በመካከሉ እየተቆረጠባቸው፣ ምሽቱን ቀረጹት።

እኛም በትልቁ ማጉያ የሰማነው ይህንኑ ነው። በአዳራሹ ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሳቅ አለ፤ የሚጨፍሩ ሰዎች አሉ። ሙዚቀኞቹም በስቱዲዮ እንደሚደረገው የሦስት ደቂቃ ገደብ አላስጨነቃቸውም። ከዚህ ሁሉ በታች ብላንተን አለ። ከመካከላችን አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ በእግሩ ምቱን እየቈጠረ እርሱን ብቻ እንዲከተል ተስማማን። ሌሎቻችን ደግሞ አንድ አንድ መሣሪያ ተካፈልን። ሙዚቃው ሲያበቃ የቤዙን የተከተለው ልጅ የተናገረውን አንረሳውም። «ትራምፔቱ ሲደክመው ዝም ይላል፤ ሳክስፎኑም ያርፋል፤ ይህ ሰው ግን አላረፈም» አለ። በእውነትም ሌሎቹ በየተራቸው ተነሥተው ተጨብጭቦላቸው ሲቀመጡ እርሱ ቆሞ ይቀጥላል። አንድ ሰው ብቻውን በሚጫወትበት ጊዜ ደግሞ ቤዙ ድምፁን ቀነስ አድርጎ መንገድ ይለቅለታል፤ ባዶ ቦታ ሲያገኝ አንዲት አጭር ዜማ ጣል ያደርጋል፤ ወዲያውም ወደ ምቱ ይመለሳል። ማድነቅ ማለት ማጨብጨብ ብቻ ሳይሆን ለይቶ መስማት መሆኑን የተረዳነው በዚያ ቀን ነው።

ከዚያች ምሽት በኋላ የብላንተን ዕድሜ ሁለት ዓመት አልሞላም። በሳንባ ነቀርሳ ታሞ ከኦርኬስትራው ተለየ፤ በ1934 ዓ.ም. ሐምሌ 23 ቀን በካሊፎርኒያ ዐረፈ። ዕድሜው 23 ነበር። ለዚህ በሽታ የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት የሆነው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው እርሱ ከሞተ ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ሁለቱ አድናቂዎች የቀረጹት ሙዚቃ ግን ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 በሕጋዊ መንገድ ታትሞ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም ግራሚ የተባለውን ሽልማት አገኘ። እነዚያ ሁለት ወጣቶች በዚያ ብርድ ዕቃቸውን ተሸክመው ባይሄዱ ኖሮ ያ ምሽት ከጨፋሪዎቹ ትዝታ ጋር ጠፍቶ በቀረ ነበር።

ይህን ስንሰማ «የእኛስ?» ብለን ጠየቅን። ስዊንግ ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ነርሲስ ናልባንዲያን ኦርኬስትራውን አሠልጥነዋል። በክብር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራዎችም የትራምፔትና የሳክስፎን ረድፎች የአገራችንን ዜማ በዚያ አሰላለፍ ተጫውተዋል። ከዚህም በላይ ዱክ ኤሊንግተን ራሱ ኦርኬስትራውን ይዞ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 1973፣ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ሸለሙት። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ ተቀብለው የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች አሳይተውታል።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኛ ግን አሁን ልማድ ሆኖብን «ቤዙን የያዘው ማን ነበር?» ብለን ፈለግን። በዚያ ዓመት ብላንተን ይቆምበት በነበረው ቦታ የቆመው ጆ ቤንጃሚን የተባለ ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ ከተመለሰ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ሞተ። ኤሊንግተንም በዚያው ዓመት በግንቦት ተከተለው። ስለ ኤሊንግተን መምጣት ከነገሩን ታላላቆቻችን መካከል የጆ ቤንጃሚንን ስም ያነሣልን አንድም ሰው አላገኘንም።

በአገራችንም ነገሩ ያው ነው። ማሕሙድ አሕመድን የማያውቅ የለም፤ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ከኋላው ቤዝ የተጫወተውን ጆቫኒ ሪኮን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» የማይወዛወዝ ሰው የለም፤ ያን የሚያወዛውዝ ቤዝ የተጫወተው መላከ ገብሬ መሆኑን ግን እኛም ራሳችን የሰማነው በቅርቡ ነው። በቦስተን በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰው፣ በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት ቤዝ የተጫወተውና ወጣቶችን ያስተማረው ሄኖክ ተመስገንም በዚሁ ረድፍ የሚቆም ነው። «ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም» የሚለው አነጋገር እውነት ሆኖ እንዳይቀር የእነዚህን ሰዎች ስም ዛሬ በዚህ አዳራሽ እንጠራለን።

ክቡራን ወላጆች፣ ውድ ጓደኞቻችን፤

እስካሁን የሌላውን ሰው መርሳት ተናገርን። አሁን የራሳችንን እንናዘዝ። ባለፈው ዓመት ክበባችን ባዘጋጀው የሙዚቃ ዝግጅት ላይ በታተመው ወረቀት የድምፃውያኑን፣ የኪቦርዱንና የጊታሩን ተጫዋቾች ስም ጽፈን ቤዝ ጊታር የተጫወተውን ጓደኛችንን ስም ሳንጽፍ ቀረን። ክፋት አስበን አይደለም፤ ማንም አላስታወሰም። እናቱ ሥራቸውን ትተው ሊያዩት መጥተው ነበር። ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩና ዝግጅቱ ሲያልቅ «ልጄ፣ ስምህ የት አለ?» አሉት። እርሱም «እማዬ፣ ቦታ አልበቃ ብሎ ነው» ሲል ሰማነው። ቦታ ግን ነበረ። ከዚያም በኋላ አንድ ቀን እንኳ ልምምድ ሳይቀር፣ አንድም ቃል ሳይናገረን ከእኛ ጋር ቀጠለ። የብላንተንን ታሪክ በሰማን ቀን ሁላችንም ዝም ብለን ወደ እርሱ ነበር የተመለከትነው።

ስለዚህ ክበባችን ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛው፣ ከእንግዲህ በማንኛውም ዝግጅታችን መሣሪያ የያዘ፣ መጋረጃ የሳበ፣ ወንበር የደረደረ ሁሉ ስሙ ይጻፋል። ሁለተኛው፣ እነዚያ የፋርጎ ሁለት ወጣቶች እንዳደረጉት፣ በትምህርት ቤታችን የሚቀርበውን ሙዚቃ እየቀረጽን የተጫዋቾቹን ስምና ቀኑን ጽፈን በቤተ መጻሕፍቱ እናስቀምጣለን። መቅረጫ ዛሬ በየኪሳችን አለ፤ የሚጎድለው ትጋቱ ብቻ ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ከኋላ ቆሞ አራት ክር ሲመታ ብታዩት ጊዜውን በከንቱ አጠፋ አትበሉ። ሌሎች ሳይወድቁ እንዲዘፍኑ ምት መጠበቅን እየተማረ ነው፤ ይህም ትዕግሥትና ኃላፊነት ይጠይቃል። መምህሮቻችን ሆይ፣ መስማት የተሳነን መስሎን «የለም» ባልን ጊዜ ሳትቈጡን ትልቁን ማጉያ ስላመጣችሁልን እናመሰግናለን።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የክበባችን ጓድ ወደ መድረክ ይወጣል። በእጃችሁ ባለው ወረቀት በስም ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው የቤዝ ጊታሩ ተጫዋች ነው። እናቱም ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ሙዚቃው ሲጀመር ለአንድ ዜማ ያህል እንኳ ድምፃዊውን ትታችሁ ከኋላ የቆመውን ልጅ እንድትሰሙልን በትሕትና እንለምናለን።