ደስታ እስኪመጣ አንጠብቅ

ዛሬ የምናወራው ስለ ድባቴ ነው፤ ኑሮ የከበደበትና ደስታ የራቀው ሰው እምነቱን ይዞ እንዴት ወደ ሕይወቱ እንደሚመለስ። ከነቢዩ ኤልያስ ልጀምር። ሙስሊም አድማጮቼም ነቢዩ ኢልያስ ብላችሁ ታውቁታላችሁ።

ታሪኩ በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 እና 19 ላይ ይገኛል። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ሲወርድ አይቷል። ብዙም ሳይቆይ ንግሥት ኤልዛቤል እገድልሃለሁ ብላ ላከችበት፤ ሸሸ። አገልጋዩን ቤርሳቤህ ላይ ትቶ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ በረሃ ገባና ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሞቱንም ለመነ። ይህ ሰው እምነት ጎደለው የሚል ይኖራል? እኔ አልልም። ተስፋ መቁረጥ እሳት ያወረደውንም ነቢይ አግኝቶታል።

ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ማንም አልገሠጸውም። ተኛ፤ መልአክ ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ ቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ እንደገና ተኛ። ዳግመኛ ተቀስቅሶ በላ። ከዚያ 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። እዚያ በልቡ የታመቀውን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ተናገረ፤ ተሰማም። በመጨረሻ ሥራ ተሰጠው፤ አዛሄልንና ኢዩን ለንግሥና፣ ኤልሳዕን በእርሱ ፋንታ ነቢይ እንዲሆን ቅባ ተባለ። ብቻዬን ቀረሁ ይል ለነበረውም ሌሎች 7 ሺህ ሰዎች እንዳሉ ተነገረው።

በአእምሮ ጤና ሙያዬ ዓይን ሳየው ቅደም ተከተሉ ያስደንቀኛል። መጀመሪያ እንቅልፍና ምግብ፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀጥሎ የሚያዳምጥ፣ ከዚያ ሥራና የሥራ ጓደኛ። ለተጨነቀ ሰው እኛ የምንሰጠው ምክር ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ "ጸልይ፣ ያልፍልሃል" ነው፣ ወይ "ጠንከር በል"። ሁለቱም በክፋት የተነገሩ አይደሉም፤ ግን የሚነሣበትን እርከን አያሳዩትም።

ድባቴ የምንለው ማንም ሰው አልፎ አልፎ የሚሰማውን መከፋት አይደለም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን ቀን የሚቆይ የስሜት መውደቅ ወይም ቀድሞ ደስ ይሉ የነበሩ ነገሮች ሁሉ ጣዕም ማጣት ነው። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይዛባሉ፤ ጉልበት ይከዳል፤ ሐሳብ መሰብሰብ ያቅታል፤ "እርባና የለኝም" የሚል ስሜት ይነግሣል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ብዙ ምእመናን "መጸለይ አቃተኝ፣ ሶላቴ ላይ ልቤ አልገኝ አለ፣ ፈጣሪ ጠልቶኛል ማለት ነው" ይላሉ። ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል የሕመሙ አንዱ ምልክት ነው። ሰውየው አምላኩን አልካደም፤ ታሟል።

ድባቴ የሚቆየው በምን ኃይል ነው? ሰው ያጣል፤ ሥራ፣ ጤና፣ የሚወደውን ሰው። ሲያዝን ከሰውና ከልማዱ ይርቃል። ሲርቅ ደግሞ ደስ የሚያሰኙት ጥቂት ነገሮችም አብረው ይቀራሉ። እነሱ ሲቀሩ ስሜቱ ይብስበታል፤ ሲብስበት የባሰ ይርቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ሌዊንሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተማረው ይህንን ዙር ነው። ከዚህ የተነሣው ሕክምና ሰውን ከውጭ ወደ ውስጥ ያንቀሳቅሳል፤ ስሜቱ እስኪስተካከል ሳይጠብቅ፣ ጥቃቅንና የታቀዱ ተግባራትን ያስጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ 440 ድባቴ ያለባቸው አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህ ዘዴ ብዙ ልምድ በሌላቸው ሠራተኞች ሲሰጥም እንኳ በሠለጠኑ ባለሙያዎች ከሚሰጠው፣ አስተሳሰብን ከሚያርመው የሥነ ልቦና ሕክምና ያላነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

በተግባር ምን ይመስላል? ከአረብ አገር የተመለሰች አንዲት ወጣት እናስብ። ደመወዟ ተይዞባት፣ ሻንጣዋን ብቻ ይዛ መጥታለች። ቤተሰብ የጠበቀው ሌላ ነው። ጓዳ ገብታ በሯን ዘግታ ትውላለች፤ ጎረቤት ቡና ሲጠራ "አሞኛል" ትላለች። እናቷ ታለቅሳለች፤ ስለትም ትሳላለች። ለዚህች ልጅ "ነገ ሥራ ፈልጊ" ማለት ከባድ ሸክም ነው። የምንጀምረው ከትንሹ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሥታ ፊቷን ትታጠባለች፤ በር ላይ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ረቡዕ ቡናውን እሷ ታፈላለች፤ እንግዳ ሲመጣ ማውራት ግዴታዋ አይደለም፣ ማፍላቱ ይበቃል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ሙስሊም ከሆነች የሶላቷን ሰዓት ትይዛለች፤ ልቧ ባይሰበሰብም ትሄዳለች። የምታደርገው ነገር ቀኑና ሰዓቱ የታወቀ፣ ከአቅሟ በታች የሆነና ለራሷ ዋጋ ያለው መሆን አለበት። ጎረቤቶቿ ያደረጉት ስለሆነ ብቻ የተመረጠ አይሠራም። በየቀኑ ማታ የሠራችውንና ስሜቷ እንዴት እንደነበረ በደብተር ብትጽፍ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የትኛው ነገር እንደሚያቀላት ራሷ ታየዋለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ደስታ ላይሰጧት ይችላሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚያቆም ነው። ደስታ ከተግባሩ ኋላ ዘግይቶ ይመጣል።

ሃይማኖቶቻችን ይህንን አያውቁም ማለት አይቻልም። በእስልምና ተወኩል፣ ማለትም በአላህ መመካት፣ ሲብራራ የሚነገር ታሪክ አለ፤ ነቢዩ ሙሐመድን ግመሌን ሳላስራት በአላህ ልመካ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት ተነገረው። በኦርቶዶክስ ጾምና ስግደት፣ ማኅበርና ሰንበቴ፣ አካልን የሚያንቀሳቅሱ፣ ቀን የተቆረጠላቸው ወይም ከሰው ጋር የሚያገናኙ ናቸው። ለተጎዳ ሰው የተዘጋጀ መርሐ ግብር ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?

ፀበልና መድኃኒትም እንዲጋጩ አንፍቀድ። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትን ከፀበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናግረው ነበር። ለአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ያው ነው። በየጊዜው የማየው ጉዳት የሚመጣው ሰው ፀበል ስለሄደ ሳይሆን፣ ሲሄድ መድኃኒቱን በድንገት ስላቆመ ነው። መድኃኒት የሚቆመው ካዘዘው ባለሙያ ጋር በመነጋገር ብቻ ነው።

የሚያዳምጥ ሰውስ? ዚምባብዌ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ባለሙያ ቢያጥርባቸው በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች አቅራቢያ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው፣ የሠፈር አያቶችን አሠለጠኑ። አያቶቹ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ሰውየው ካሉበት ችግሮች አንዱን መርጦ ደረጃ በደረጃ እንዲፈታ ያግዙታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ከ6 ወር በኋላ በአያቶቹ የታገዙት ሰዎች የድባቴ ምልክት ከተለመደው አገልግሎት ጋር ሲነጻጸር በጣም መቀነሱን አረጋግጧል። እኛ ዕድር አለን፤ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀርባል፣ ሐዘንተኛ ለብቻው አያድርም። ግን ከሰልስት በኋላ ሰው ይበተናል። ብዙ ሐዘንተኞች የሚወድቁት በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር፣ ስልኩ መደወል ሲያቆም ነው። ዕድሮቻችን ለዚያ ወቅት ሁለት ጠያቂ ሰው ቢመድቡ ከብር የማይተናነስ እርዳታ ይሆናል።

አንድ ብርቱ ነገር ልጨምር። የምትወዱት ሰው "ብሞት ይሻለኛል" ካለ፣ ኃጢአት ነው ብላችሁ አፉን አትዝጉት። "ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርም፤ ብዙውን ጊዜ ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት፤ መርዝና መሣሪያ የመሰለውን ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ አድርሱት።

እናንተ ራሳችሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያለፈው መከፋት ካለባችሁ፣ ነገ ጠዋት ከጸሎታችሁ በኋላ የምትሠሩትን አንድ ትንሽ ነገር ዛሬ ማታ ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉ፤ ለአንድ የምታምኑት ሰውም ንገሩ። ካልቀለላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና "ድባቴ ይሆን ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው።