«በሞቴ» የማይባል እንግዳ

ነብርማ እንሽላሊት ስላስገቡ ቤቶች በሕንፃችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ የሜሪላንድ ብርድ ቡናችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ምስጋናችንን እናቀርባለን። የዛሬው ንግግራችን እንደ ወትሮው ስለ መኪና ማቆሚያ ወይም ስለ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አይደለም፤ ስለ አንዲት ትንሽ እንስሳ ነው። ርእሱን በሰሌዳው ላይ አይታችሁ የሳቃችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። ግድ የለም፤ እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ነገር ግን በዚህ ዓመት በሕንፃችን አራት ቤቶች ልጆቻቸው ለምነው ለምነው፣ እዚህ አገር ሌፐርድ ጌኮ የሚባለውን ነብርማ እንሽላሊት አስገብተዋል። ከአራቱ አንዱ ሞቷል። የሞተውም በክፋት ሳይሆን በደግነት ብዛት ስለሆነ፣ በቀሩት ሦስቱ ላይ ያው እንዳይደገም መነጋገሩን አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የአሥር ዓመት ልጃችን ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ እንስሳውን አስገዛች። በመስታወት ሣጥን ተደርጎ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠ። እኛም ጎረቤቶች እንደ ባህላችን «እንኳን ደስ ያለሽ» ለማለት ተራ በተራ ገባን፤ ሁላችንም አነሳነው፣ አገላበጥነው። በመጀመሪያው ቀን አልበላም። በሁለተኛውም አልበላም። ታዲያ እንግዳ ጾሙን ሲያድር ዝም ብሎ ማየት ለእኛ እንዴት ይሆንልናል? አንዱ የእንጀራ ፍርፋሪ ጣለለት፣ አንዷ ጥሬ ሥጋ፣ ሌላው ሰላጣ። አንዳችን ደግሞ ፌንጣ አፉ ላይ ለጥፈን «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እያልን ለመንነው። በመጨረሻ አንድ ሣጥን ሙሉ ፌንጣ ዘርግፈንበት አደረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ልጅቷ «ምን በደልኩት?» ብላ ስታለቅስ መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም። የዛሬው ንግግር ለእርሷ ልንሰጣት ይገባን የነበረው መልስ ነው። አንቺ አልበደልሽውም፤ እኛ ትልልቆቹ ሳናውቅ ነው።

ለመሆኑ ይህ እንስሳ ምን ዓይነት ነው? አገሩ ደረቁና ድንጋያማው የአፍጋኒስታን፣ የፓኪስታንና የሰሜን ምዕራብ ህንድ ምድር ነው። ቀን ከድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ይውላል፣ ሲመሽ ወጥቶ ነፍሳት ያድናል። አገር ቤት ግድግዳ ላይ እንደምናውቀው ዓይነት አይደለም፤ እግሩ ስለማይጣበቅ መስታወት አይወጣም፤ የዓይን ቆብ ስላለውም ዓይኑን ይጨፍናል። መርዝ የለውም፤ በዚህ በኩል እናቶች ሥጋት አይግባችሁ። ጅራቱ ወፍራም የሆነው ስብ የሚያከማችበት ጎተራው ስለሆነ ነው። በደህና ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊኖር ይችላል። ይኸውም ማለት ዛሬ የአሥር ዓመት ልጅ ያስገዛችው እንስሳ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትይዝም አብሯት አለ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ይህ እንስሳ እንደ እኛ ከራሱ ሰውነት ሙቀት አያመነጭም። ሙቀት ከውጭ ካላገኘ የበላውን መፍጨት አይችልም፤ መፍጨት ካልቻለ ደግሞ ባይበላ ይሻለዋል። ስለዚህ አዲስ የመጣ እንሽላሊት አልበላም ስንል፣ አብዛኛውን ጊዜ ብርድና ፍርሃት ላይ ነው እንጂ ምግብ ጠልቶ አይደለም። ያ የሞተው ሣጥን ውስጥ የነበረው ሙቀት ከሳሎኑ አይለይም ነበር። ለእኛ የሚስማማ ክፍል ለእርሱ ብርድ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በአምስት ክፍል እናቀርበዋለን።

አንደኛ፣ ቤቱ ከእንግዳው በፊት ይዘጋጅ። ሣጥኑ ርዝመቱ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። አንዱ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። በሞቃቱ ጫፍ የወለሉ ሙቀት ከ88 እስከ 92 ፋራናይት፣ ማለት ከ31 እስከ 33 ሴንቲግሬድ፣ በሌላው ጫፍ ከ75 እስከ 80 ፋራናይት ይሁን። ይኼ በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም፤ ወለሉ ላይ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ማሞቂያውም ልኩን ሲያልፍ የሚያጠፋ ቴርሞስታት ይኑረው። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ድንጋይ እያሉ የሚሸጡላችሁን አትግዙ፤ ሆዱን ያቃጥለዋል። መሸሸጊያ ሦስት ይሁን፦ አንዱ በሞቃቱ ጫፍ፣ አንዱ በቀዝቃዛው፣ ሦስተኛው ውስጡ እርጥብ ወረቀት ያለበት፣ ቆዳውን ለሚቀይርበት ጊዜ። በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ንጹሕ ውሃ አይለየው። ወለሉ ላይ አሸዋ አታድርጉ፤ ከምግቡ ጋር ውጦት አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። ተራ የወጥ ቤት ወረቀት ይበቃል፤ ኩሱንም ለማየት ያመቻል።

ሁለተኛ፣ ተዉት። ይኼ ለእኛ ከሁሉ የሚከብደን ነው። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ማንም አያንሳው። ሣጥኑን በሦስት በኩል በወረቀት ሸፍኑት፤ ከቴሌቪዥንና ከሰው መተላለፊያ አርቁት። ውሃውን ቀይራችሁ፣ ኩሱን ጠርጋችሁ ዘወር በሉ። ሲጨነቅ ጅራቱን ሊጥል እንደሚችልም እወቁ። ጅራቱ መልሶ ይበቅላል፤ መልኩ ግን እንደ ፊተኛው አይሆንም፣ ያከማቸውም ስብ አብሮ ይሄዳል። «እንኳን ደስ ያለሽ» ለማለት የምንመጣ ጎረቤቶችም በር ላይ ብለን ብንመለስ ነውር አይሆንብንም።

ሦስተኛ፣ ምግቡን እንወቅ። የሚበላው ነፍሳት ብቻ ነው። እንጀራ፣ ሥጋ፣ ፍራፍሬና ቅጠል ምግቡ አይደለም። ክሪኬት የሚባለው ፌንጣ፣ ሚልዎርም የሚባለው ትል፣ ወይም ዱቢያ የሚባለው በረሮ ከነሕይወቱ ይሰጠዋል። ሻጩን መጀመሪያ «እስካሁን ምን ሲበላ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በለመደው መጀመር ይቀላል። የነፍሳቱ መጠን በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። የሚቀርብለት ሲመሽ፣ መብራቱ ሲቀንስ ነው። ሦስት አራት ይበቃል። በረጅም ወረንጦ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ከፊቱ አንቀሳቅሱት፤ የሚንቀሳቀሰውን ነው የሚያየው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልበላ ፌንጣዎቹን ልቀሙና አውጡ። እኛ እንዳደረግነው ተትተው ካደሩ፣ እነርሱ ራሳቸው እንስሳውን ሌሊት ይነክሱታል። ነፍሳቱ ከአንድ ቀን በፊት ካሮትና ጎመን ይብሉ፤ ሲቀርቡም ሐኪም በሚነግራችሁ መጠን የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ 3 ዱቄት ይነስነስባቸው፤ ያለዚያ አጥንቱ ይለሰልሳል። ልጆች ከግቢ የያዙትን ነፍሳት እንዳይሰጡት አደራ፤ የሣር መድኃኒት ሊኖርበት ይችላል። በበጋ ማታ ግቢያችን ውስጥ ብልጭ ብልጭ የምትለዋ የእሳት ትል ደግሞ ለእርሱ መርዝ ናት፤ አንዷ ብቻ ልትገድለው ትችላለች። ከለመደ በኋላ ግልገሉ በየቀኑ፣ ትልቁ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ይበላል።

አራተኛ፣ ትዕግሥትና ቸልተኝነት ይለዩ። ጅራቱ ወፍራም የሆነ ትልቅ እንስሳ አዲስ ቤት ገብቶ ሳምንት፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ባይበላ አያስደነግጥም፤ ጎተራው አለለት። ግልገል ግን ጎተራው ትንሽ ስለሆነ ያን ያህል አይጠበቅለትም። ዓይናችንን እንዳንተማመን በሳምንት አንድ ቀን በግራም ሚዛን መዝናችሁ ጻፉት፤ አንስታችሁ ሳይሆን በትንሽ ዕቃ ራሱ እንዲገባ አድርጋችሁ። በርበሬ የምትመዝኑበት ሚዛን አይሁን እንጂ። ቆዳውን ሊቀይር ሲል ነጣ ብሎ ምግብ ይተዋል፤ የጣለውንም ቆዳ መልሶ ይበላዋል፤ ይኼ ጤና ነው። ነገር ግን ጅራቱ ከቀጠነ፣ ከክብደቱ ከአሥር አንድ እጅ ካጣ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ኩሱ ውሃ ከሆነ፣ እግሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ቆዳው ዓይኑና ጣቶቹ ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ነገ ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ይህን እንስሳ አያክምምና አስቀድማችሁ ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። አፉን ፈልቅቆ ማጉረስ ግን የሐኪም ሥራ ነው፤ ከቤት አይሞከር።

አምስተኛ፣ የራሳችን ጤና። እነኝህ እንስሳት ጤነኛ ሆነው ሳሉ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ በኩሳቸው ሊያወጡ ይችላሉ። የዚህ አገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 ትንንሽ ኤሊዎች ለማዳ እንስሳ ተብለው እንዳይሸጡ የከለከለው በዚሁ በሽታ ምክንያት ነው። ስለዚህ እንስሳውን ወይም ሣጥኑን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ነፍሰ ጡሮችና በሕመም የደከሙ ሰዎች አይንኩት። ዕቃው በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብ፤ ሣጥኑም ምግብ ከሚሠራበትና ከረከቦት አጠገብ አይቀመጥ።

ወገኖቻችን፤ ይኼ ሁሉ በወሬ ብቻ አይደለም፣ በሥራ ታይቷል። በሦስተኛው ፎቅ አንድ ልጃችን ሁለተኛውን እንስሳ ሲያመጣ ከፊተኛው ስሕተት ተምረን በዚሁ ሥርዓት ሄድን። ሙቀቱ ተለካ፣ ሣጥኑ ተሸፈነ፣ ጎብኚ ተከለከለ። አምስት ቀን አልፎ አልበላም። እናቱ በየማታው «ይኼ ነገር ሊሞትብን ነው፣ ትንሽ እንኳ ላጉርሰው» ትል ነበር፤ እኛም «እህታችን፣ ትንሽ ታገሺ፤ ጅራቱን እዪ፣ ሚዛኑን እዪ» እንላታለን። ክብደቱ አልወረደም ነበር። በዘጠነኛው ቀን ማታ ስልካችን ጮኸ። ሰው የሞተ መስሎን በድንጋጤ ብናነሳው ያቺው እናት ናት። «በላ! ሁለት በላ!» አለችን። ያን ዕለት በሩን በርግዳ ገብታ «በሞቴ» ብትለው ኖሮ ምናልባት ሌላ ዘጠኝ ቀን ይጾም ነበር።

ለማጠቃለል ያህል አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። እኛ ራሳችን ወደዚህ አገር የመጣን ሰሞን እንዴት እንደነበርን እናውቃለን። ያስተናገዱን ሰዎች ያቀረቡልን ምግብ መጥፎ ሆኖ አይደለም አልወርድ ያለን፤ በርዶን ነበር፣ የትም እንዳለን አናውቅም ነበር። ያን ዕለት የጠቀመን ደጋግሞ «ብሉ» ያለን ሳይሆን፣ ማሞቂያውን ከፍ አድርጎ፣ መኝታውን አሳይቶ፣ በሩን ቀስ ብሎ የዘጋልን ሰው ነው። ለዚህም ትንሽ እንግዳ እንዲሁ እናድርግለት።

በመጨረሻም፣ ማኅበራችን አንድ የወለል ቴርሞሜትርና አንድ የግራም ሚዛን ገዝቶ አስቀምጧል፤ የሚያስፈልገው ቤት ሁሉ በተራ መዋስ ይችላል። እንስሳውን ማስተዳደር የከበደው ቤተሰብ ቢኖር ሳያፍር ይንገረን፤ የሚረከብ ሌላ ቤት በአንድነት እንፈልጋለን። ውጭ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የዚህ አገር ክረምት ይገድለዋል። ልጅ ልግዛ ብሎ የሚለምናችሁ ወላጆችም መጀመሪያ ሣጥኑን አሟሙቁ፣ ሐኪሙን እወቁ፣ ዓመቶቹንም ቁጠሩ።

ያቺ የአሥር ዓመት ልጃችን ዛሬ እዚህ ከፊት ተቀምጣለች። እርሷ ስትፈልግ፣ ወላጆቿም ሲፈቅዱ፣ ሁለተኛውን ቤት አብረን እናዘጋጅላታለን።